ትኬት የገዛው መኪናውን ያያል፣ ቤቱ የቀረው ውድድሩን

የአዲስ አበባ ስታዲየምን የሚያውቅ ሰው የመቀመጫና የዋጋ ነገር አይጠፋውም። ካታንጋ የገባውና ጥላ ፎቅ የተቀመጠው የከፈሉት ገንዘብ ይለያያል። አንዱን ፀሐይ ይመታዋል፣ ሌላው በጥላ ሥር ተንፈላስሶ ይቀመጣል። ይሁንና ሁለቱ የሚያዩት ጨዋታ አንድ ነው። ጎል ሲገባ ሁለቱም ያያሉ፣ ሁለቱም እኩል ይጮኻሉ። ባለጥላ ፎቁ ተጨማሪውን ገንዘብ የከፈለው ለምቾቱ ነው።

በጠመዝማዛ መንገድ ላይ የሚካሄድ የመኪና እሽቅድምድም ይህን የገበያ ሥርዓት ያፈርሰዋል። እዚያ እጅግ ውድ የሆነውን ትኬት የገዛ ሰው እንኳ የውድድሩን አብዛኛውን ክፍል አያይም። ሜዳው በአንድ ዓይን የሚካለል አይደለምና።

ለመሆኑ ሁሉም የመኪና እሽቅድምድም እንዲህ ነውን? አይደለም። በአሜሪካ የተለመደ ሞላላ መም አለ። በቴነሲ ክፍለ ግዛት የሚገኘው ብሪስቶል ለምሳሌ አንዱ ዙር ከ1 ኪሎ ሜትር ያነሰ ነው። ተመልካቹ ዙሪያውን ከፍ ብሎ ተቀምጦ ከመጀመሪያው መኪና እስከ መጨረሻው ያለውን በሙሉ ያያል። ሌላው ዓይነት ዳገትና ቁልቁለት፣ የግራና የቀኝ ኩርባ ያለው ነው። ጫካ ያቋርጣል፣ አንዳንዴም የከተማ ጎዳና ተዘግቶ ይካሄድበታል። በቤልጂየም አርደን ደን ውስጥ ያለው ስፓ ፍራንኮርሻን 7.004 ኪሎ ሜትር ነው። የፈረንሳዩ ሌ ማን 13.626 ኪሎ ሜትር ሲሆን ከፊሉ በሌላው ቀን ሰው ለጉዳዩ የሚመላለስበት ተራ መንገድ ነው።

አንባቢ ነገሩን ከሩጫ ጋር ቢያነጻጽረው ይቀለዋል። የ10 ሺህ ሜትር ውድድርን በስታዲየም የተመለከተ ሰው 25ቱንም ዙር ያያል፤ ማን ወደፊት እንደወጣ፣ ማን እንደተንጠባጠበ ያውቃል። ማራቶንን ከአስፋልት ዳር ቆሞ የጠበቀ ግን ሯጮቹ ሽው ብለው ሲያልፉ ያይና «ማን አሸነፈ?» ብሎ የሚጠይቀው ሌላ ሰው ነው። ልዩነቱ ማራቶንን ከመንገድ ዳር ቆሞ ለማየት ገንዘብ የሚጠይቅ አለመኖሩ ነው።

ገንዘብ የሚጠየቅበትን እንቁጠር። በስፓ የፎርሙላ ዋን ውድድር 44 ዙር ነው። በአንድ ኩርባ ዳር የተቀመጠ ተመልካች አንድን መኪና በየዙሩ ለ10 ሰከንድ ያያል ብንል (ይህም ሲበዛ ነው) በጠቅላላው 7 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይሆናል። ውድድሩ ግን አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ያህል ይፈጃል። የቀረው ጊዜ የሚያልፈው ሌሎቹን መኪኖች በማየት፣ ጫካውን በማየትና በመጠበቅ ነው። ጎማ መቀየር ሲጀመር ደግሞ ነገሩ ይብስበታል። ፊት የሚያልፈው መኪና መሪው ይሁን ወይስ ጎማውን ገና ያልቀየረ፣ ተመልካቹ ስክሪን ካላየ ወይም ድምፅ ማጉያ ካልሰማ በምንም አያውቅም።

ቤቱ ሶፋ ላይ የተቀመጠው ግን ሁሉንም ያውቃል። በየመኪናው ላይ የተገጠመ ካሜራ አለለት፣ ሄሊኮፕተር አለለት፣ በስክሪኑ ጠርዝ የእያንዳንዱ ሾፌር ደረጃና የሰከንድ ልዩነት ተጽፎለታል። ሾፌሩና መሐንዲሱ በሬዲዮ የሚነጋገሩትንም ይሰማል። እሽቅድምድም በዚህ ዘመን ግማሹ የሒሳብ ሥራ ነው፤ ማን መቼ ጎማ ይቀይራል፣ ቀይሮ ሲወጣ ከማን ፊት ይገኛል የሚል። ይህን ሒሳብ መከታተል የሚቻለው በቴሌቪዥን ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እንግዲያው ትኬት የሚገዛ ሰው ምን ነክቶት ነው?

መልሱ ቴሌቪዥኑ ራሱ ከሚሠራበት ዘዴ ይገኛል። ካሜራው የሚቀርጸው ከሩቅ፣ ምስል በሚያቀርብ ሌንስ ነው። ይህ ሌንስ ርቀትን ያጨማትራል፤ ዳገቱንም ሜዳ ያስመስለዋል። ኦ ሩዥ የተባለውን የስፓን ታዋቂ ኩርባ በቴሌቪዥን ብቻ የሚያውቅ ሰው ቦታው ላይ ሲደርስ መጀመሪያ የሚደነቀው በዳገቱ ቁመት ነው። የዚህ መንገድ ዝቅተኛና ከፍተኛ ቦታዎች ልዩነት 100 ሜትር ያህል ነው፤ በስክሪን ላይ ግን የረባ ጉብታ አይመስልም። በዚያ ላይ ካሜራው ከመኪናው ጋር አብሮ ስለሚዞር መኪናው በስክሪኑ መሐል የቆመ ይመስላል፤ የሚሮጠው ከኋላው ያለው አጥር ነው። ፍጥነት የሚባለው ነገር በዚህ መሐል ይጠፋል። አጥር ዳር የቆመ ሰው አንገት ግን አብሮ ይዞራል፣ አይደርስበትምም። ፍሬኑ የት ላይ እንደተያዘ፣ የትኛው ሾፌር ከሌላው አምስት ሜትር ዘግይቶ እንደያዘ፣ መኪናው እንዴት እንደተንሸራተተና እንደተመለሰ በዓይኑ ያያል።

ድምፁም አለ። እስከ 2013 (እ.ኤ.አ፤ እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንዲሁ ናቸው) ፎርሙላ ዋን የሚጠቀመው ባለስምንት ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ እስከ 18 ሺህ ጊዜ ይሽከረከር ነበር። ጩኸቱ ጆሮ ብቻ ሳይሆን ደረት ይመታል። በ2014 በባለስድስት ሲሊንደር ቱርቦ ሞተር ሲተካ ድምፁ ቀነሰ። በዚያ ዓመት የመጀመሪያው ውድድር የተካሄደው በሜልቦርን ነበርና የአውስትራሊያው አዘጋጅ ድርጅት የያኔው ሊቀመንበር ሮን ዎከር የድምፁ መቀነስ የውል ጥሰት ሊሆን ይችላል ብለው በአደባባይ አማረሩ። የአዘጋጁ ቅሬታ ለገበያ ሰው ትልቅ ትምህርት ነው። አዘጋጁ የሚሸጠው ምን እንደሆነ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ቴሌቪዥን የሚያይ ሰው ድምፁ ቢያንሰው ሪሞቱን አንስቶ ይጨምራል፤ ትኬት የገዛው ግን የከፈለበት ዕቃ ተቀነሰበት።

ስለዚህ ለገበያ የቀረቡት ሁለት ልዩ ልዩ ሸቀጦች ናቸው። አንዱ ውድድሩ ነው፣ ሌላው መኪናው። ችግሩ አዘጋጆች መኪናውን በውድድሩ ስም፣ በውድድሩም ዋጋ መሸጣቸው ነው።

ዋጋው ለምን ይህን ያህል ናረ ለሚለው የሲልቨርስቶንን ታሪክ ማየት ይበቃል። ፎርሙላ ዋን ዋና ገቢውን የሚያገኘው ከሦስት ምንጮች ነው፤ አዘጋጆች ውድድሩን ለማስተናገድ ከሚከፍሉት፣ ከሥርጭት መብት ሽያጭና ከማስታወቂያ ሰጪዎች። የቴሌቪዥኑ ገንዘብ ወደ አዘጋጁ ኪስ አይገባም። ለአዘጋጁ የሚቀርለት በአብዛኛው የትኬት ገንዘብ ነው። የሲልቨርስቶን ባለቤት የሆነው የእንግሊዝ ክበብ በ2010 የከፈለው የማስተናገጃ ክፍያ 11.5 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። ክፍያው በየዓመቱ 5 በመቶ እንዲያድግ ውል ስለነበረ በ2017 16.2 ሚሊዮን ደረሰ። ክበቡ በ2015 2.8 ሚሊዮን፣ በ2016 ደግሞ 4.8 ሚሊዮን ፓውንድ ከሰርኩ አለና በ2017 ውሉን የሚያቋርጥበትን አንቀጽ ተጠቀመበት። በ2019 አዲስ ውል ተፈራረሙ፣ በ2024ም እስከ 2034 ተራዘመ። ያ ከሰረ የተባለው ሲልቨርስቶን በ2023 በውድድሩ ቀናት በድምሩ 480 ሺህ ተመልካች አስገብቷል። ሰው ሞልቶ እየፈሰሰ ኪሳራ የሚወራበት ሌላ ንግድ ቢፈለግ በቀላሉ አይገኝም።

እንዲህ ሲሆን የትኬት ዋጋ የሚወሰነው ከመቀመጫው በሚታየው ነገር አይደለም፤ አዘጋጁ ባለበት ዕዳ ነው። ተመልካቹም በበኩሉ ከመንገዱ እየራቀ ሄዷል። ለዚህኛው ክፉ ልብ አያስፈልግም፤ በ1955 በሌ ማን መኪና ወደ ተመልካች ገብቶ ከ80 በላይ ሰዎች ሞተዋል። አጥሩም፣ በኩርባው ዳር የተተወው ሰፊ ባዶ ቦታም ከእንዲህ ዓይነቱ መከራ የተገኙ ናቸው። የሚያስከፋው ርቀቱ ሲጨምር ዋጋው አለመቀነሱ ነው።

ከሁሉ የከፋው የታየው በስፓ ነሐሴ 2021 ነው። ዝናቡ አላባራ ብሎ ሕዝቡ ከሦስት ሰዓት በላይ በጭቃ ውስጥ ቆሞ ጠበቀ። በመጨረሻ መኪኖቹ ከደህንነት መኪና ኋላ ተሰልፈው ጥቂት ዙር ዞሩ፤ ማንም ማንንም ሳያልፍ ውድድር ተካሄደ ተባለና ለሾፌሮቹ ግማሽ ነጥብ ታደለ። ሉዊስ ሃሚልተን የተመልካቹ ገንዘብ እንዲመለስ በይፋ ቢጠይቅም ገንዘቡ አልተመለሰም። የዕለቱን ኪሳራ ማን እንደተሸከመ ልብ ይሏል። ቤቱ የነበረው ጣቢያ ቀየረ። ሥርጭቱን የገዛው ጣቢያ የሚያሳየው ነገር አገኘ። ልጆቹን ይዞ፣ ነዳጅ ቀድቶ፣ ድንኳን ተክሎ የሰነበተው ግን ሁሉንም ብቻውን ከፈለ።

ሌላ ዓይነት አሠራር ታይቶ አያውቅም እንዳይባል የ2005ቱ የኢንዲያናፖሊስ ውድድር አለ። ሚሽሊን ያቀረበው ጎማ ለቦታው አስተማማኝ ሆኖ ስላልተገኘ ከ20 መኪኖች 14ቱ ውድድሩ ሳይጀመር ወጡ፣ 6 ብቻ ተወዳደሩ። የጎማ ፋብሪካው ለተመልካቾች የትኬታቸውን ዋጋ ለመመለስ ቃል ገባ፤ ለቀጣዩ ዓመት ውድድርም 20 ሺህ ትኬት ገዝቶ ለማደል ተስማማ። የከፈለው አዘጋጁ አልነበረም፣ ውድድሩን በበላይነት የሚመራው አካልም አልነበረም፤ ጎማ ሻጩ ነው።

ቴሌቪዥኑስ ነውር የለበትም ወይ ቢባል አለበት። ተመልካቹ የሚያየው ዳይሬክተሩ የመረጠለትን ነው። በ2021 በሞናኮ ሴባስቲያን ፌትል ጎማ ቀይሮ ሲወጣ ከፒየር ጋስሊ ጋር ጎን ለጎን ሆነው ዳገቱን ሲወጡ፣ በዚያ ዕለት ከታዩት ጥቂት ትግሎች አንዱ መሆኑ ነው፣ የአገሩ ዳይሬክተር ምስሉን ቆርጦ ላንስ ስትሮል ስህተት የሠራበትን ድጋሚ አሳየ። ዳገቱ ዳር የነበሩት አዩት፤ ዓለም ግን አመለጠው። ከ2023 ጀምሮ የሞናኮንም ሥርጭት ፎርሙላ ዋን ራሱ ተረክቦታል። ዋጋውም ቢሆን ነፃ መሆኑ ቀርቷል። በእንግሊዝ ከ2019 ወዲህ አብዛኛው የቀጥታ ሥርጭት የሚገኘው ወርሃዊ ክፍያ በሚያስከፍለው ስካይ ላይ ነው። በአሜሪካ ደግሞ ከ2026 ጀምሮ መብቱን ለአምስት ዓመት የወሰደው አፕል ነው።

ትኬቱ ከቴሌቪዥኑ የሚበልጥበት ውድድርም አለ። ሌ ማን 24 ሰዓት ነው፤ ይህን ሁሉ ሰዓት ስክሪን ላይ አፍጥጦ የሚቀር ሰው የለም። ስድሳ ያህል መኪኖች፣ ሦስት ዓይነት ፍጥነት ይዘው ስለሚወዳደሩ መንገዱ ባዶ አይሆንም፤ ሌሊት የፍሬናቸው ፍም ይታያል። ተመልካቹ ይበላል፣ ይተኛል፣ ተነሥቶ ወደ ሌላ ኩርባ ይሄዳል። ጆሮው ላይ ሬዲዮ ያደርግና ሬዲዮ ሌ ማን የተባለውን ጣቢያ እየሰማ ደረጃውን ይከታተላል፤ ልክ የእኛ አገር የኳስ ተመልካች ትንሽ ሬዲዮ ይዞ ስታዲየም እንደሚገባው። በ2023 ውድድሩ መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር 325 ሺህ ሰው መገኘቱ አያስደንቅም። በአሜሪካ ዊስኮንሲን ያለው ሮድ አሜሪካም 6.5 ኪሎ ሜትር ርዝመት ቢኖረውም ተመልካቹ ሣሩ ላይ ወንበሩን ዘርግቶ፣ ሲሰለቸው አንሥቶ ወደ ፈለገበት ይሄዳል።

ለአዲስ አበባ ተመልካች ይህ ሁሉ ክርክር ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ፎርሙላ ዋን በአፍሪካ ምድር ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በ1993 በደቡብ አፍሪካ ኪያላሚ ነው። ባሕረ ሰላጤው ግን ቅርብ ነው፤ ባህሬን በ2004፣ አቡ ዳቢ በ2009፣ ጅዳና ኳታር በ2021 ውድድሩን ማስተናገድ ጀምረዋል። በዚያ አካባቢ የሚሠራና ወር ጠብቆ ደመወዝ የሚቀበል ወገን ትኬት ልግዛ ወይስ ልተው ብሎ ቢያመነታ የሚገባ ነው።

እንዲህ ላለው ሰው የእሑዱ ውድ መቀመጫ አያዋጣውም። ሾፌሮቹ ልምምድ የሚያደርጉበት የዓርብ ትኬት ከእሑዱ ይረክሳል፤ መኪናው ያው መኪና ነው፣ ፍጥነቱም ያው ነው፣ ድምፁም አይቀንስም። ከኩርባ ወደ ኩርባ እየዞሩ ለማየትም ሰው ስለማይበዛ መንገዱ ክፍት ነው። ቅዳሜ ማታ ቤቱ ቢመለስ እሑድ ውድድሩን በቴሌቪዥን ለማየት ይደርሳል፤ ዳገቱ የት እንደሚጀምርም በዓይኑ አይቶታል።