«አጎት» የሚለውን ቃል ወደ ስዊድን ቋንቋ ስለ መመለስ

«አጎቴ» የሚለውን አማርኛ ወደ ስዊድን ቋንቋ የሚመልስ አስተርጓሚ አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም አጎትየው የአባት ወንድም ነው ወይስ የእናት? የሚለው ነው። የስዊድን ሰው የአባቱን ወንድም «ፋርብሩር»፣ የእናቱን ወንድም «ሙርብሩር» ይላልና፤ ሁለቱን በአንድነት የሚጠራበት የተለመደ ስም የለውም። አክስትም እንዲሁ የአባት ስትሆን «ፋስተር»፣ የእናት ስትሆን «ሙስተር» ናት። አያት ደግሞ ከአራት ይከፈላል፤ የእናት እናት «ሙርሙር»፣ የእናት አባት «ሙርፋር»፣ የአባት እናት «ፋርሙር»፣ የአባት አባት «ፋርፋር» ይባላሉ።

ቋንቋውን የሚማሩ አንዳንዶች የቃሉን ብዛት ይፈሩታል፤ ፍርሃቱ ግን ከንቱ ነው። «ፋር» አባት፣ «ሙር» እናት፣ «ብሩር» ወንድም፣ «ሲስተር» እኅት፣ «ሶን» ወንድ ልጅ፣ «ዶተር» ሴት ልጅ የሚሉትን ስድስቱን ያወቀ ሕፃን የቀረውን እያጋጠመ ይናገራል። ሽማግሌው «ዶተርሶን» ሲል የልጅ ልጁ ከሴት ልጁ የተወለደ ወንድ መሆኑን ሰሚው ወዲያው ይረዳል። ይህ ጥንቃቄ የሚላላው የአጎትና የአክስት ልጆች ላይ ሲደርስ ነው፤ ከፈረንሳይኛ የመጣው «ኩሲን» ወንዱንም ሴቲቱንም፣ የአባትንም የእናትንም ወገን በአንድ ከረጢት ያስገባል። በዚህስ «የአክስት ልጅ» የሚለው አማርኛ ይበልጣል።

እንግዲህ አስተርጓሚው ሳይጠይቅ በግምት «ፋርብሩር» ቢል ምን ይሆናል? በስዊድን አገር በመሥሪያ ቤት ፊት ቀርቦ ስለ ዘመዶቹ ቃሉን የሚሰጥ ሰው፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያው አጎቱ የእናቱ ወንድም መሆኑን ቢናገር፣ በመዝገቡ ላይ ሁለት የማይስማሙ ቃሎች ይገኛሉ። ሰውየው አልዋሸም፤ አማርኛውም አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው ለመጠየቅ የሰነፈው ነው። እርሱ «ትንሽ ነገር ናት» ይል ይሆናል፤ ነገር ግን ፍርዱን የሚቀበለው እርሱ አይደለም።

ቅዱስ መጽሐፍን ለሚያነብ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 29 ቁጥር 10 ላባ የያዕቆብ የእናቱ ወንድም መሆኑ በዕብራይስጡ ሦስት ጊዜ ተጽፏል። ያዕቆብ የሸሸው ወደ እናቱ ወገን ነውና፣ በዚያ ሥፍራ «አጎቱ» ብሎ ማሳጠር ነገሩን ያደበዝዘዋል፤ የስዊድኑ «ሙርብሩር» ግን አሳጥሮም አያጠፋውም። አማርኛም ቢሆን ድህነት የለበትም፤ «የእናቴ ወንድም» ለማለት ሁለት ቃል ይበቃዋል። ባለ ጉዳዩ ራሱ ከመጀመሪያው እንዲህ ብሎ ቢናገር አስተርጓሚውን ከግምት ያድነዋል።