መታሰር የጠባይ ምስክር አይደለም

ለክቡር የፍትሕ ሚኒስትር
ለአማራ ክልል ፍትሕ ቢሮ ኃላፊ
ግልባጭ፦ ይህን ደብዳቤ ለሚያነብ ሁሉ

ጉዳዩ፦ የጥብቅና ፈቃድ ለሚጠይቅ ሰው ስለሚፈለገው የመልካም ሥነ ምግባር ማስረጃ

ክቡራን፣ የነገሩን አመጣጥ ከማንም በላይ ስለምታውቁት መግቢያ አላበዛም፤ በቀጥታ ወደሚያመው ልግባ። ከመስከረም 18 ቀን 2017 ጀምሮ በአማራ ክልል በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በጅምላ ታሰሩ። ከታሳሪዎቹ መካከል ዳኞች፣ ዐቃብያነ ሕግና የዩኒቨርሲቲ መምህራን እንደነበሩ አምነስቲ ኢንተርናሽናል በይፋ አስታውቋል። ሰዎቹ ከታጎሩባቸው ቦታዎች አንዱ ሩቅ አይደለም፤ እዚሁ የይፋት ቆላ፣ ሸዋሮቢት ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ሸዋሮቢት በነበረው የእስር ካምፕ ውስጥ ግን ዳኛ ፊት ሳይቀርቡ፣ ክስ ሳይነበብላቸው ወራት የቆጠሩ ሰዎች ነበሩ። እንግዲህ ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ሕግ የተማረ ቢሆንና ነገ የጥብቅና ፈቃድ ቢጠይቅ፣ «መልካም ሥነ ምግባር» በሚለው መስፈርት ፊት ምን ይዞ ይቁም? ያሰረው አካል ምንም አላለውም፤ ጥፋተኛ ነህም ነጻ ነህም አላለውም። ዝምታው ግን በሄደበት ሁሉ ይከተለዋል። በትሕትና የምጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ትሕትናዬ ግን ጥያቄውን አያለሰልሰውም።

በአገራችን ጠባይ የሚመሰከረው በወረቀት ነው። አንደኛው ከፖሊስ የሚገኘው፣ አሻራ ከተሰጠ በኋላ የሚጻፈው «ከወንጀል ነጻ» ነው። ሁለተኛው ከቀበሌ ወይም ከመሥሪያ ቤት የሚመጣው የድጋፍ ደብዳቤ ነው። ይህን ሁለተኛውን ወረቀት እስቲ ቀረብ ብላችሁ እዩት። አናቱ ላይ «ለሚመለከተው ሁሉ» ይላል። ቀጥሎ «ከላይ ስማቸው የተጠቀሰው ግለሰብ» የቀበሌው ነዋሪና መልካም ሥነ ምግባር ያላቸው መሆኑን ይገልጻል። ከዚያ ቲተር፣ ፊርማ፣ በፊርማው ላይ የተደረበ ወይን ጠጅ ክብ ማኅተም። በቃ። ሰውየው የሰው አደራ በልቶ ያውቅ እንደሆነ፣ ምስክር አስጠንቶ ያቀርብ እንደሆነ፣ ከደንበኛው ባላጋራ ጋር በጓሮ ይዋዋል እንደሆነ ወረቀቱ አንዲት ቃል አይተነፍስም። ሊተነፍስም አይችልም። የቀበሌ አስተዳዳሪ የሚያውቀው ነዋሪው ስብሰባ መምጣቱን፣ መዋጮ መክፈሉን፣ ከአስተዳደሩ ጋር አለመጋጨቱን ነው። ጠበቃ ደግሞ ሥራው መጋጨት ነው። ነገ የአንድ አርሶ አደር የይዞታ ደብተር ያለ አግባብ ሲሰረዝ ያንኑ ቀበሌ የሚከስ እሱ ነው። ሊከሰስ የሚችለውን ወገን የከሳሹን ጠባይ መስካሪ ማድረግ ምን ዓይነት የፍትሕ አሠራር ነው?

አዋጅ ቁጥር 199/1992 የፌዴራል ፍርድ ቤት ጠበቃ የሚሆን ሰው ለፍትሕ ሥራ አጋዥ የሚያደርገው ተስማሚ ሥነ ምግባር እንዲኖረው ይጠይቅ ነበር። ያ አዋጅ በ2013 በአዋጅ ቁጥር 1249 ተተክቷል። ያልተተካው ጥያቄው ነው፦ ሥነ ምግባር ሲባል ምን ማለት ነው፣ በምን ይለካል፣ ማንስ ይመሰክራል? ጥፋተኛ ተብሎ የተፈረደበት ሰው እንኳ መውጫ አለው። ቅጣቱን ፈጽሞ ሕጉ የወሰነውን ጊዜ በመልካም ጠባይ ከቆየ፣ የወንጀል ሕጋችን ከአንቀጽ 232 ጀምሮ መሰየም በሚለው ሥርዓት ፍርዱ ከመዝገብ እንዲሰረዝለት ፍርድ ቤትን እንዲጠይቅ ፈቅዶለታል። ያልተከሰሰውስ? የሚሰረዝ ፍርድ ስለሌለው የሚሰየምበት ችሎትም የለውም። የተፈረደበት ስሙን የሚያጥብበት ደጅ ሲያገኝ፣ ያልተፈረደበት እድሜውን ሙሉ «ታስሮ ነበር» ይባላል። ከዚህ የከፋ የተገለበጠ ነገር አላውቅም።

አካባቢያችን ይፋት መታሰር የጠባይ ምስክር አለመሆኑን ከተማረ ቆይቷል። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1841 የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆኖ ወደ ሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣው ካፒቴን ሃሪስ የሐረርና የታጁራ ሲራራ ነጋዴ የሚሰፍርባትን አሊዩ አምባን አይቶ ጽፎላታል። በዚያው በይፋት ምድር ስላለው የጎንቾ እስር ቤትም ጽፏል። እዚያ የታሰሩት የንጉሡ የሥጋ ዘመዶች ነበሩ። ጥፋታቸው ከንጉሥ ዘር መወለዳቸው ነበር። ኋላ ሲፈቱ ማንም ጠባያቸው ተሻሻለ አላለም፤ የአሳሪው ልብ ነው የተለወጠው። ጎንቾን የሚያስታውስ የይፋት ሰው፣ መታሰር ስለ አሳሪው እንጂ ስለ ታሳሪው ብዙ እንደማይናገር ለመረዳት የሕግ ዲግሪ አያስፈልገውም።

የውጭው ዓለምም ከዚሁ ደርሷል። በአሜሪካ የኒው ሜክሲኮ ጠበቆች መርማሪ ቦርድ ሩዶልፍ ሽዌር የተባለን የሕግ ምሩቅ መልካም ጠባይህን አላስረዳህም ብሎ ለፈተና እንዳይቀመጥ ከለከለው። ምክንያቱ በወጣትነቱ የኮሚኒስት ፓርቲ አባል መሆኑ፣ የሐሰት ስም መጠቀሙና ብዙ ጊዜ መታሰሩ ነበር። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1957 እ.ኤ.አ. ውሳኔውን ሻረው። አንድ ሰው መታሰሩ ብቻውን ጥፋት ማጥፋቱን ለማስረዳት እዚህ ግባ የሚባል ዋጋ የለውም አለ። በደቡብ አፍሪካማ ነገሩ ከዚህም ያለፈ ነው። በ1954 እ.ኤ.አ. የትራንስቫል የሕግ ማኅበር ኔልሰን ማንዴላ ከጠበቆች መዝገብ እንዲፋቅ ሲጠይቅ፣ ማንዴላ የታሰረ ብቻ ሳይሆን የተፈረደበት ሰው ነበር። የዚያ የዘር አድልዎ ሥርዓት ፍርድ ቤት ግን ለሕዝቡ መብት ብሎ ሕግ መጣሱ ጠበቃ ለመሆን የማይበቃ ነውረኛ አያደርገውም ሲል ጥያቄውን ውድቅ አደረገው። እነሱ ለተፈረደበት ያልነፈጉትን እኛ ላልተከሰሰው እንንፈገው?

«ሕዝቡን ከአጭበርባሪ ጠበቃ ማን ይጠብቀው?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ አልሸሸውም። ጠበቃ የባልቴት ገንዘብ ይይዛል፣ የወላጅ አልባ ልጆች ውርስ በእጁ ያልፋል፣ አንድ የይግባኝ ቀን ቢያሳልፍ ቤተሰብ ይፈርሳል። ስለዚህም ነው ምርመራው ጠንካራ ይሁን የምለው። በእምነት ማጉደልና በሐሰተኛ ሰነድ የተፈረደበትን መርምሩ። ከዚህ በፊት ዐቃቤ ሕግ ወይም ነገረ ፈጅ ሆኖ ሲሠራ በዲሲፕሊን ተቀጥቶ እንደሆነ ጠይቁ። አብረውት የተከራከሩትን፣ ፊታቸው ቆሞ የተከራከረባቸውን ዳኞች አነጋግሩ። ይህ ከማኅተም በላይ አድካሚ ነው፤ ነገር ግን ሕዝብን የሚጠብቀው ይህ ነው። «የታሰረን ሰው አልከለከልንም» የሚል መልስም ሊመጣ ይችላል። ደስ ይለኛል፤ እንግዲያውስ በመመሪያ ጻፉትና የፈራው ሁሉ አንብቦ ይረፍ። «የጸጥታ ጉዳይ ነው» ለሚለኝ ደግሞ መልሴ አጭር ነው፦ የጸጥታ ጥፋት ካለ ክሰሱት፤ ፍርድ ቤቱ ክፍት ነው። በፍርድ ቤት ያልተረጋገጠን ጥርጣሬ በፈቃድ ቢሮ መስኮት ማስፈጸም ግን በሕግ አምላክ የሚያሰኝ ነው። አባቶቻችን በሕግ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ሕግ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች ያሉት ለዚህ ነው።

ስለዚህ፣ ክቡራን፣ ክስ ያልተከተለው እስር በሥነ ምግባር ምርመራ በማስረጃነት እንዳይቀርብ በግልጽ ይከልከል። የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ከማንኛውም የጥብቅና ማመልከቻ ይውጣ፤ ደግሞም ለምን ከጥብቅና ብቻ? ከመምህርነትም፣ ከነርስነትም፣ ከማንኛውም የሙያ ቅጥር ይውጣ። ሥነ ምግባር ጎድሎሃል የሚባል ሰው ምክንያቱን በጽሑፍ ያግኝ፣ ይሰማ፣ ይግባኝ ይበል። የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 1183/2012 ውሳኔያቸውን በምክንያት እንዲያስደግፉ ታዘዋል፤ አዋጁ ግን የክልል ቢሮዎችን አይገዛም፤ የክልሉ ምክር ቤት የራሱን ያውጣ። ከሁሉ አስቀድሞ ደግሞ፣ በሸዋሮቢትም ሆነ በሌላ ቦታ ዳኛ ሳያያቸው የቀሩ ሰዎች ካሉ ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረቡ።

መልሳችሁ ቁጥርና ቀን ይኑረው፤ ለእኔም ብቻ አይላክ። ጎረቤላ በሚገኘው የአንኮበር ወረዳ ፍርድ ቤት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍልን፤ ወጥተን እናነበዋለን።

ከአክብሮት ጋር
አሊዩ አምባ