ለሴት ልጅም እልል እንበል



እዚህ ማክሰኝት ሦስት ሴቶች ልጆች ያሏት አንዲት እህታችን ከአምልኮ በኋላ ቀርባ እንድንጸልይላት ጠየቀችን። አራተኛ ልጇን ፀንሳለች። ውጭ አገር ያለች ዘመዷ «አሁን በደም ምርመራ ገና በአሥረኛው ሳምንት ወንድ ይሁን ሴት ይታወቃል፤ ገንዘቡን እኔ እልካለሁ» ብላታለች። እህታችን ግን ተጨንቃለች። «ሴት ናት ከተባለ የባለቤቴ ቤተ ዘመድ ምን ይለኛል?» አለችን።

በአልትራሳውንድ ፆታን ለማወቅ አምስተኛው ወር ገደማ ይጠበቃል። እ.ኤ.አ. በ1997 ግን ዴኒስ ሎና ባልደረቦቹ የፅንሱ ዲኤንኤ በእናቲቱ ደም ውስጥ እንደሚገኝ አሳዩ። ሐኪሞች ከክንዷ ደም ቀድተው ዋይ የተባለውን ክሮሞዞም ይፈልጋሉ፤ ከተገኘ ወንድ ነው፣ ካልተገኘ ሴት ናት ይላሉ። ወንዶችን የሚያጠቃ የዘር በሽታ ላለበት ቤተሰብ ይህ ትልቅ ጥቅም አለው። እውቀት የእግዚአብሔር ስጦታ ነውና አንኮንነውም።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ዋይ ክሮሞዞም እናት ዘንድ የለም፤ የሚመጣው ከአባት ብቻ ነው። እንግዲያው «ሴት ብቻ ትወልዳለች» እየተባለች የተወቀሰች ሚስት ሁሉ በሌለባት ተከሳለች። ባልም መርጦ የሚሰጠው ነገር ስላልሆነ ወቀሳው ወደ እርሱ ይዙር አንልም። ከቤታችን ይውጣ እንላለን።

ሴት ፅንሶች እየተለዩ ስለተወገዱባት ህንድ እ.ኤ.አ. በ1994 የፅንስን ፆታ መናገርን የሚከለክል ሕግ አውጥታለች። የእኛም የወንጀል ሕግ ፅንስ ማቋረጥ የሚፈቀድባቸውን ምክንያቶች ሲዘረዝር ፆታን አላካተተም። ሕግ ግን እጅን ይይዛል እንጂ ልብን አይለውጥም።

የልብን ነገር ካነሣን ከራሳችን እንጀምር። ሴት ሕፃን ለበረከት ጸሎት ስትቀርብ፣ እኛ አገልጋዮች እርሷኑ ታቅፈን «በሚቀጥለው ወንድ ይስጣችሁ» ብለን ጸልየናል። ለወንድ የሚበዛው፣ ለሴት የሚያንሰው እልልታ ጉባኤያችን ውስጥ ሲገባም ዝም ብለናል። ንስሐ ይገባናል። የሰለጰዓድ ሴቶች ልጆች ርስት በጠየቁ ጊዜ (ዘኍልቍ 27) እግዚአብሔር ራሱ ልመናቸው ትክክል መሆኑን ለሙሴ ነግሮታል። እርሱ ያከበራቸውን እኛ በምን ሥልጣን እናሳንሳለን?

ለእህታችን የጸለይነው ለልጁም ለእርሷም ጤና ነው። ከዚያም ባለቤቷንና አማቷን ጠርተን አነጋገርን። መመርመር አለመመርመር የእነርሱ ውሳኔ ነው። ልጁ ሲወለድ እልልታው እኩል እንዲሆን ማድረግ ግን የሁላችን ድርሻ ነው።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።