ግሪኮች ደሙን ደበቁ ያላችሁ ማን ነው?

በየዶርሙና በየሻይ ቤቱ ስለ ጥንት ግሪክ ትራጀዲ ወሬ በተነሣ ቁጥር አንድ አባባል እንደ ዳዊት ይደገማል። «ግሪኮች ጨዋ ሕዝብ ስለነበሩ ግድያን መድረክ ላይ አያሳዩም፤ መልእክተኛ መጥቶ ይነግራል፣ በቃ!» ይባላል። ይህን የጻፈ ተማሪ ፈተና ላይ ሙሉ ነጥብ ያገኝ ይሆናል። እኛ ግን አባባሉ ከሥሩ የተበላሸ ነው እንላለን። ያበላሸችውም ያቺ «ጨዋ» የምትለዋ ቃል ናት።

ለመሆኑ ሕጉን ማን አወጣው? ሜዲያ ልጆቿን ሕዝብ ፊት አትግደል ብሎ የመከረው ሆራስ ነው። ሆራስ ደግሞ ግሪክ ሳይሆን ሮማዊ ነው፤ ያውም ዩሪፒደስ «ሜዲያ»ን በ431 (ዓመታቱ ሁሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት ናቸው) ለአቴና ሕዝብ ካቀረበ ከአራት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ የጻፈ ሰው። አሪስቶትልን ምስክር የምትጠሩም ካላችሁ መጽሐፉን እንደገና ግለጡት። የትራጀዲን ክፍሎች ሲዘረዝር በግልጽ የሚታይ ሞትን፣ ሥቃይንና መቁሰልን አንድም የነቀፌታ ቃል ሳይጨምር ይቆጥራቸዋል። ሶፎክልስም አያክስን በገዛ ሰይፉ ላይ ሲጥለው፣ ብዙ ሊቃውንት እንደሚሉት፣ እዚያው ተመልካች ፊት ነው።

«የታሰረው ፕሮሜቴዎስ» የሚባለውንማ ተዉት! (በኤስኪለስ ስም ይጠራል፤ የእርሱ መሆኑን ዛሬ የሚጠራጠሩ ብዙ ናቸው።) ገና ሲከፈት አንድ አምላክ ከአለት ጋር በሚስማር ይቸነከራል። ቀጥቃጩ ሄፌስተስ እያዘነ ይመታል፤ ከበላዩ ሁለት ገጸ ባሕርያት ቆመዋል። የአንዱ ስም ሥልጣን፣ የሌላዋ ስም ግፍ ነው። ሥልጣን «አጥብቀህ ምታ» እያለ ይጮኻል። ግፍ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዲት ቃል አትተነፍስም። ምን ትበል? ሥልጣን ይናገርላታል እኮ!

እርግጥ ነው፣ አብዛኛው ግድያ ከበር ጀርባ ነው የሚፈጸመው። ለዚህ ተራ ምክንያትም አለ። ተዋንያኑ ሦስት ብቻ ናቸው፣ ጭንብል እየለወጡ ሁሉንም ይጫወታሉ። መጋረጃ የለም፣ ትርኢቱ በጠራራ ፀሐይ ነው። አንዴ የሞተ ተዋናይ ተነሥቶ ጭንብሉን ሊለውጥ አይችልም። ባለ ድራማዎቹ ግን ይህን ችግር ወስደው ምን ሠሩበት? ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ግድያውን ከዓይን አንሥተው ወደ ጆሮ ያዛወሩት ተመልካቹን ሊያሳርፉት አይደለም። የሰማ ሰው ምን ያደርጋል ብለው ሊጠይቁት ነው።

በ458 የቀረበውን የኤስኪለስን «አጋሜምኖን» እንይ። ንጉሡ ከውስጥ «ተመታሁ!» ብሎ ይጮኻል። ደግሞም ይጮኻል። ከበሩ ውጭ ደግሞ የከተማው ሽማግሎች፣ ማለትም ኮረሱ፣ ቆመዋል። ምን ያደርጋሉ መሰላችሁ? ስብሰባ! አንዱ ሕዝቡን እንጥራ ይላል፣ ሌላው አሁኑኑ ሰብረን እንግባ ይላል፣ ሌላው ደግሞ መሞቱን በምን አረጋገጥን ይላል። አሥራ ሁለት ሰው አንድ በአንድ አስተያየቱን ይሰጣል። አጀንዳው ሳያልቅ በሩ ይከፈትና ክሊቴምኔስትራ በሁለት ሬሳ ላይ ቆማ ትታያለች። ስንት ጊዜ እንደመታችው በቁጥር ትናገራለች፤ ሦስት ጊዜ ነው፣ ሦስተኛው ከወደቀ በኋላ። ደም ተደበቀ የምትሉት ይኼ ነው እንግዲህ።

«ሜዲያ» ከዚህም ይከፋል። ልጆቹ ከውስጥ ይጮኻሉ። በደጅ የቆሙት የቆሮንቶስ ሴቶች «ልግባ ይሆን?» ብለው እርስ በርስ ይጠያየቃሉ። ከውስጥም ልጆቹ ይሰሟቸዋል! አዎን፣ ስለ አማልክት ብላችሁ ድረሱልን፣ ሰዓቱ አሁን ነው ብለው ይመልሳሉ። ሴቶቹ አይገቡም። ጆሮ ዳባ ልበስ ብለውም አይሄዱም፤ ቆመው የሐዘን ዜማ ያዜማሉ። መድረኩን በቀይ ቀለም ማጨማለቅ የሚወዱ ባለ ድራማ ጓደኞቻችን ይህችን ቦታ ደጋግመው ቢያነቧት ብዙ ባልዲ ቀለም በዳነ ነበር።

«አይ፣ ኮረስ ከስፍራው አይነቃነቅም፣ ደንቡ ነው» የሚል መቼም አይጠፋም። ውሸት ነው። በ«አያክስ» ኮረሱ ጌታውን ሊፈልግ መድረኩን ትቶ ይወጣል። ደግሞስ ደንብ ብቻ ቢሆን ዩሪፒደስ ልጆቹ ጥያቄውን ሰምተው እንዲመልሱ ማድረግ ለምን አስፈለገው? ዝም ቢያሰኛቸው ማን ይጠይቀው ነበር?

ደግሞ ተመልካቹ ማን እንደነበረ አንርሳ። በዲዮኒሰስ ቲያትር ከተቀመጡት ብዙዎቹ በሸንጎ እጃቸውን እያወጡ ጦርነትን የሚወስኑ ዜጎች ናቸው። በአዮንያ የነበሩ ግሪኮች በፋርስ ላይ ባመፁ ጊዜ አቴና 20 መርከብ ልካ ነበር፤ ኋላ መርከቦቿን መለሰችና ቢለምኗትም እምቢ አለች። ሚሌጦስ በ494 ወደቀች። ፍሪኒከስ የሚባል ጸሐፊ የሚሌጦስን መያዝ ድራማ አድርጎ ሲያቀርብ ቲያትሩ በሙሉ አለቀሰ። ከዚያስ? ሄሮዶቱስ እንደሚነግረን የገዛ መከራችንን አስታወስከን ብለው 1000 ድራክማ ቀጡት፤ ድራማውንም ማንም እንዳያሳየው ከለከሉ። ለመሆኑ ያስለቀሳቸው የሚሌጦስ መውደቅ ብቻ ነበር? እነዚያ የተመለሱት 20 መርከቦች ትዝ አላሏቸውም?

በ416 ደግሞ ያው የአቴና ሕዝብ የሜሎስን ደሴት ከበበ። ደሴቲቱ ስትወድቅ የያዟቸውን አዋቂ ወንዶች ገደሉ፣ ሴቶችንና ሕፃናትን በባርነት ሸጡ። በ415 የጸደይ ወራት ዩሪፒደስ «የትሮይ ሴቶች»ን አቀረበ። ለሜሎስ ብሎ ነው የጻፈው ብለን አንከራከርም፤ ጊዜው እጅግ አጭር ነበር። እዚያ የተቀመጡት ግን እነማን ነበሩ? በድራማው ውስጥ ድል ያደረጉት ግሪኮች የሄክቶርን ሕፃን ከእናቱ እቅፍ ነጥቀው ከግንብ ይወረውሩታል። ሲወድቅ አናይም። የምናየው ሬሳው በአባቱ ጋሻ ላይ ተጋድሞ ሲመጣና አያቱ ስትገንዘው ነው።

ዳኞቹ ለዩሪፒደስ ሁለተኛነት ሰጡት። በዚያ ዓመት አንደኛ የወጣው ዜኖክልስ ነው፤ ከጻፋቸው ሁሉ አንድ ሙሉ ድራማ እንኳ ለእኛ አልደረሰንም።