የከተማ አደባባይ ጥቅም

የአንድ ቤተ ሰብ መሰብሰቢያው የምድጃው ዙሪያ እንደ ሆነ፤ የአንድ ከተማም መሰብሰቢያው አደባባዩ ነው። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ አገር ይህ ነገር በከተማ ስም እንኳ ይገኛል፤ የታች ጋይንት ዋና ከተማ አርብ ገበያ ይባላልና። ሕዝብ የሚገናኝበት ቀን ለስፍራው ስም ሆኖ ቀረ። በነፋስ መውጫም ሆነ በወገዳ ወይም በመካነ ኢየሱስ፤ ባላገሩ ገበያ የሚወጣው እህልና በግ ለመሸጥ ብቻ አይደለም። የዘመዱን ደኅንነት ይጠይቃል፤ መርዶና የምሥራች ይሰማል፤ የጠፋ ከብቱን ያፈላልጋል።

ሕግም የአደባባይ ዘመድ ነው። በጥንታዊቱ አቴና አጎራ የተባለው ስፍራ ገበያም ሸንጎም ነበረ። በእኛም አገር አዋጅ የሚነገረው በገበያ መካከል ነጋሪት እየተጎሰመ ነበርና፤ መንግሥት በ1934 ዓ.ም. ሕጉን የሚያወጣበትን ጋዜጣ ሲያቋቁም ስሙን «ነጋሪት ጋዜጣ» አለው። ሕጉ ወደ ወረቀት ቢገባም የነጋሪቱ ስም እስከ ዛሬ አልተለየውም። እንዲሁም ሌባው ወይም ቤት አቃጣዩ ያልታወቀ እንደ ሆነ፤ የአገሩ ሰው በሜዳ ተሰብስቦ አፈርሳታ ይቀመጥ ነበር፤ የቀረም ሰው መቀጫ ይከፍል ነበር። ገበሬውን ከእርሻው ማስፈታቱ ከባድ ነበረ፤ ዳሩ ግን አንድ ትምህርት ትቶልናል። «ግርግር ለሌባ ያመቻል» ይባላል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ግርግር ሌላ፤ ጉባኤ ሌላ ነው። በግርግር የተሸሸገውን ሌባ ሕዝብ ተረጋግቶ ሲቀመጥ ያወጣዋል።

ዛሬ ከተማ ሲሰፋ ባዶ መሬት ሁሉ ዋጋ ያወጣል። ስለዚህ አደባባይ አንድ ጊዜ በሱቅ፣ አንድ ጊዜ በመኪና መቆሚያ እየተቆረሰ ሊያልቅ ይችላል። በዚህ የሚጎዳው ማን ነው? ገንዘብ ያለው ሰው ሻይ ቤት ገብቶ ይቀመጣል። ባልቴቲቱ፣ ሽማግሌውና ድኻው ተማሪ ግን ሳይከፍሉ የሚያርፉበትን ጥላ ያጣሉ። ጉዳቱም በዚህ አይቆምም። እኛ በፍርድ ቤት መዝገብ የምንጽፍ ሰዎች እንደምናየው፤ ስለ ድንበርና ስለ ውርስ የሚካሰሱ ወንድማማቾች ብዙ ጊዜ አስቀድመው ፊት ለፊት ያልተነጋገሩ ናቸው። ሽማግሎች የሚቀመጡበት ጥላ በቅርብ ቢኖር፤ ከመዝገቡ ብዙው ሳይከፈት ይቀር ነበር። የሰው ደም የሚፈስበት ጠብም ሲጀመር እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ነው።

እንግዲህ የከተማው አስተዳደር ለሕዝብ ጥቂት መሬት ይተውለት፤ ጥላ የሚሰጥ ዛፍ ይትከልበት፤ መቀመጫ ድንጋይና የሚጠጣ ውሃ ያኑርበት። ይህ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። አባትና እናትም ልጆቻቸውን ወደዚያ ይዘው ይውጡ፤ ለሽማግሌ መነሣትን፣ ቆሻሻ አለመጣልን፣ የሰው ነገር በትዕግሥት መስማትን በዚያ ያስተምሯቸው። በቤቱ ብቻ ያደገ ልጅ ቤተ ሰቡን ያውቃል፤ በአደባባይም ያደገ ልጅ ጎረቤቱን ያውቃል። ጎረቤቱን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ለመክሰስ አይቸኩልም።