ልጆቹ እየተገለበጡ ነው፤ ፍራሹ የት አለ?

«ስፖርት ነው» ብላችሁ ይህን ጽሑፍ እንዳትዘሉት። ጉዳዩ የልጆቻችን አንገት ነው።

እሁድ እሁድ መርካቶ ሱቆቹ ሲዘጉ፣ ተሸካሚውና ባለጋሪው መንገዱን ሲለቁ፣ ኮብልስቶኑ የልጆች ይሆናል። ኳሱ እንደ ድሮው አለ። ዛሬ ግን ግልበጣም ተጨምሯል። አንዱ ስልክ ይዞ ይቀርጻል፣ ሌላው ጀርባውን ሰጥቶ ወደኋላ ይወረወራል፣ በመዳፎቹ መሬት ነክቶ በእግሮቹ ይቆማል። የሰርከስ ሰዎች «ፍሊክ ፍላክ» ይሉታል። ነገሩ በሙሉ ከአንድ ሰከንድ ብዙም አያልፍም። ሲሳካ ሰፈሩ ያጨበጭባል፣ ቪዲዮው ቲክቶክ ላይ ይወጣል። ሳይሳካ ሲቀር ግን የሚቀበለው ድንጋይ ነው።

ልጆቹ ይከልከሉ የሚል ሐሳብ የለኝም። ብትከለክሏቸውም ከእናንተ ዓይን ርቀው ይሠሩታል። እኔ የምለው ይማሩት ነው። መድፈርና መማር ለየቅል ናቸው፤ እኛ ደግሞ መድፈሩን እያጨበጨብን መማሩን ረስተነዋል።

ለምን እንዲህ እንደምል ለመረዳት እንቅስቃሴውን ትንሽ ዘርዘር አድርጎ ማየት ያስፈልጋል።

ተማሪው እጆቹን ከጆሮዎቹ ጎን ወደ ላይ ዘርግቶ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከኋላው ወንበር ያለ ይመስል ወደኋላ ይቀመጣል፤ ጉልበቱ ከእግሩ ጣቶች አልፎ ወደፊት መውጣት የለበትም። ክብደቱ ወደኋላ ሲያደላ በሁለት እግሩ መሬቱን ይገፋል፣ እጆቹን ይወነጭፋል፣ በተዘረጉ ክንዶቹ ላይ በእጅ እንደቆመ ሰው አልፎ እግሮቹን ወደ መሬት ይመልሳል።

አደጋው በአብዛኛው የሚመጣው ከሁለት ስህተቶች ነው። አንደኛው ወደኋላ መሄድ ሲገባ ወደ ላይ መዝለል ነው። እንዲህ ያደረገ ልጅ የሚያርፍበት ቦታ ያጥረውና በአናቱ ይወርዳል። ሁለተኛው ክርንን ማጠፍ ነው። ክርን ከታጠፈ ከመዳፍ ቀጥሎ መሬት የሚነካው ጭንቅላት ነው።

እነዚህ ሁለት ስህተቶች ብዙውን ጊዜ ከፍርሃት ይወለዳሉ። ሰው ወደማያየው ቦታ መወርወር ስለማይፈልግ ወደ ላይ ይዘላል። መሬቱ ሲቀርበው ደግሞ ክንዱን ይሰበስባል። ስለዚህ ዳር ቆሞ «አትፍራ! የፈራ ይመለስ!» እያለ የሚጮኸው ጓደኛ ልጁን እየረዳው አይደለም። ፍርሃቱ ሳይወጣለት ሰውነቱን ብቻ እየገፋው ነው። የተገፋ ሰውነት ደግሞ አየር ላይ ሐሳቡን ይቀይራል። በዚህ እንቅስቃሴ ውስጥ ከዚያ የከፋ ነገር የለም።

ፍርሃትን የሚያወጣው ደረጃ ነው። መጀመሪያ ግድግዳ ተደግፎ በእጅ መቆም፤ ክንዱ ሳይታጠፍ 30 ሰከንድ ያህል እስኪቆይ ድረስ። ቀጥሎ ድልድይ፤ በጀርባ ተኝቶ በእጅና በእግር መነሳት፣ ትከሻው ከመዳፎቹ በላይ እስኪመጣ። ጎን ለጎን የእጅ አንጓን ማፍታታትና ማጠንከር። ከዚያ በትልቅ ክብ ነገር ላይ በጀርባ ተንከባልሎ መሬትን በመዳፍ መቀበል። ከዚያ አሠልጣኙ አንድ እጁን ወገቡ ላይ፣ ሌላውን ከጭኑ ኋላ አድርጎ ልጁን ደጋግሞ ያሳልፈዋል። የአሠልጣኙ እጅ ቀን በቀን እየቀለለ ይሄዳል እንጂ በአንድ ጊዜ አይነሳም። ይህ ለአንዱ ሳምንታት፣ ለሌላው ወራት ይወስዳል። መጨረሻ ላይ ልጁ ብቻውን ሲያደርገው ደፋር ስለሆነ ሳይሆን ሰውነቱ መንገዱን ስላወቀው ነው። በራስ መተማመን ማለትም ይኸው ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ተረታችን ለዚህ ሥራ የተተረተ ይመስላል።

ደረጃውን የዘለለ ምን እንደሚገጥመው ለማወቅ ከዓለም ሻምፒዮኖች በላይ ምስክር የለም።

የሞስኮን ኦሎምፒክ እኛ የምናስታውሰው በምሩጽ ይፍጠር ነው፤ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ሁለት ወርቅ ያመጣበት ነው። ከዚያው ኦሎምፒክ ሁለት ሳምንት ገደማ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1980፣ ሚንስክ ውስጥ አንዲት የ20 ዓመት ወጣት ልምምድ ላይ ነበረች። ኤሌና ሙኪና ትባላለች፤ በ1978 የዓለም ሻምፒዮን የነበረች የሶቪየት ጂምናስት። እግሯ ተሰብሮ በቅጡ ሳይድን ወደ ልምምድ ተመልሳ ነበር። ኦሎምፒኩ ስለደረሰ ከባድ የሆነውን ግልበጣ እንድትሠራ ይጠበቅባት ነበር። በአገጯ ወደቀች፣ አንገቷ ተሰበረ። እስከ ሞተችበት እስከ 2006 ድረስ ከአንገቷ በታች መንቀሳቀስ ሳትችል ኖረች። ያ የግልበጣ ዓይነት ኋላ ላይ ከውድድር ታገደ።

ሌላዋን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፤ ሲሞን ባይልስ። በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሎምፒክ አየር ላይ ሆና ሰውነቷ የት እንዳለ ማወቅ ተሳናት። ከቡድን ፍጻሜው ራሷን አገለለች። ፈሪ ያሏት፣ አገሯን ከዳች ያሏት ነበሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ ፓሪስ ላይ 3 ወርቅና 1 ብር ይዛ ወጣች። «ዛሬ አልችልም» ማለት የሙያው አካል መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም። የእኛ ልጅ ግን ጓደኞቹ ስልክ ደግነውበት «ዛሬ አልችልም» ቢል የሰፈሩ መሳቂያ ነው የሚሆነው።

«ይህ የሀብታም አገር ወሬ ነው» የሚል አይጠፋም። አይደለም። እኛም አገር ተሠርቶ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1991 አዲስ አበባ ውስጥ ሰርከስ ኢትዮጵያ ተጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ጅማ፣ መቀሌና ናዝሬት የየራሳቸውን ሰርከስ አቋቋሙ፤ ልጆቹ አውሮፓ ድረስ ሄደው ትርዒት አሳዩ። በ2004 የተመሠረተው ፍካት ሰርከስ እዚሁ አዲስ አበባ ሆኖ ወጣቶችን ያሠለጥናል። በ2015 የመጀመሪያው የአፍሪካ ሰርከስ ጥበባት ፌስቲቫል የተካሄደውም በዚችው ከተማ ነው። ጅማ ያደጉት ወንድማማቾች ቢቹና ቢቢ ተስፋማርያም ያቋቋሙት ሰርከስ አቢሲኒያ በ2017 ኤድንብራ ላይ የኢትዮጵያ ልጆችን ይዞ ቀርቧል፤ ከዚያም በደራርቱ ቱሉ ሕይወት ላይ የተመሠረተ ትርዒት ሠርቷል። የኦሎምፒክ ሜዳሊያዎቻችን በሙሉ ከአትሌቲክስ የመጡ ስለሆኑ ሰውነታችን ለሩጫ ብቻ የተፈጠረ እየመሰለን ነው እንጂ፣ ልጆቻችን መገልበጥም ያውቁበታል። የጎደላቸው የሚያርፉበት ነገር ነው።

ከዚሁ ታሪክ መደበቅ የሌለበት ክፉ ገጽም አለ። በ1998 ለትርዒት አውስትራሊያ ከሄዱት የሰርከስ ኢትዮጵያ አባላት የተወሰኑት ጥገኝነት ጠየቁ። በወቅቱ የሰርከሱ መሪ በነበሩት ሰው ላይም በልጆች ላይ የሚፈጸም ጾታዊ ጥቃት ክስ ተነሳ። ይህን የማነሳው ያለፈ ቁስል ለመነካካት አይደለም። ግልበጣ የሚያስተምር ሰው የልጅን ወገብና ጭን ይይዛል፤ ካልያዘ ማስተማር አይችልም። እንግዲያው ልጅን ከመውደቅ የሚጠብቀው እጅ ራሱ ጠባቂ ያስፈልገዋል። በሩ ክፍት ይሁን፣ ወላጅ ገብቶ ማየት ይችል፣ አንድ አሠልጣኝ ከልጅ ጋር ብቻውን አይሁን፣ ልጅ «አትንካኝ» ሲል ይሰማ። ፍራሽ ስንጠይቅ ይህንንም አብረን ነው የምንጠይቀው።

የሴት ልጆች ጉዳይም እዚህ ላይ ይመጣል። በመንገድ ላይ የሚገለበጡት ከሞላ ጎደል ወንዶች ናቸው። ሴቶቹ ስለማይፈልጉ አይደለም። ሙስሊምም ሆነ ክርስቲያን፣ የመርካቶ እናት ልጇ አደባባይ ላይ ስትገለበጥ ማየት አትፈልግም። የተዘጋ አዳራሽ፣ ሴት አሠልጣኝና ለሴቶች ብቻ የተመደበ ሰዓት ካለ ግን አብዛኞቹ እናቶች እሺ እንደሚሉ እገምታለሁ።

አሁን ወደ ራሷ ወደ መርካቶ እንምጣ። ነገሩን አስገራሚ የሚያደርገው ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ዕቃ በሙሉ እዚሁ መሸጡ ነው። ስፖንጅ ፍራሽ በየውፍረቱ ተደርድሯል። ሸራ በሜትር ይቆረጣል፣ የሚሰፋውም ሰው እዚያው ተቀምጧል። የከባድ መኪና ጎማ ከመነዳሪ በደንብ ሲነፋና ሸራ ሲለብስ፣ ልጅ በጀርባው ተንከባልሎ የሚለማመድበት ክብ ነገር ይወጣዋል። አገር ሁሉ ዕቃ የሚጭንበት ሰፈር፣ ለራሱ ልጆች ማረፊያ የለውም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የመኝታ ፍራሽ እንዳለ አውጥቶ መንገድ ላይ መዘርጋት መፍትሔ አይደለም። በጣም ለስላሳ ስፖንጅ መዳፍን ይውጣል፣ አንጓን ያጣምማል፤ ሁለት ፍራሽ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ደግሞ መሐሉ ላይ ክፍተት ይፈጥራል። የሚያስፈልገው ጠንከር ያለ ስፖንጅ፣ በሸራ የተወጠረ፣ የማይንሸራተት፣ ከሥሩም ደልዳላ ወለል ያለው ነው።

«ቦታ የለም» ይባላል። አዲስ ከተማ ከአዲስ አበባ ክፍለ ከተሞች በጣም ከተጨናነቁት አንዱ መሆኑን ማንም አይክድም። መርካቶ ውስጥ አንድ ካሬ ሜትር ምን እንደሚያወጣም እናውቃለን። ግን እኔ የምጠይቀው ስታዲየም አይደለም። 2 ሜትር ስፋትና 10 ሜትር ርዝመት ያለው ፍራሽ 20 ካሬ ሜትር ነው፤ ሲጨርሱ ጠቅልሎ ግድግዳ ላይ ማቆም ይቻላል። ቅዳሜና እሁድ ተቆልፈው የሚውሉ የትምህርት ቤት አዳራሾች አሉ። ወጣት ማዕከላት አሉ። የሚጎድለው የቁልፉ ባለቤትና የሚያሠለጥነው ሰው መገናኘታቸው ነው።

«እኛም ልጅ ሆነን ዘለናል፣ ምንም አልሆንንም» የሚሉም አሉ። ይህን የሚሉት በደህና የወጡት ናቸው። የወደቀው ስብሰባ ላይ ተነስቶ አይናገርም።

ደግሞም ከወደቀ በኋላ የምናደርገው ነገር ከውድቀቱ ያላነሰ ያስፈራኛል። ልጅ ሲወድቅ ሰው ይከበዋል፣ ብብቱን ይዘው ያነሱታል፣ ውኃ ያፈሱበታል፣ አንገቱን ያሻሹለታል። በአንገቱ ወይም በአናቱ የወደቀን ልጅ ማንሳት የለባችሁም። ባለበት ይቆይ፤ አንድ ሰው ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ሳያንቀሳቅስ ይያዝለት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ 939። እጁ ተሰብሮ ከሆነ ደግሞ ወጌሻ ጋ ወስዶ አጥብቆ ማሳሰር ይቅርባችሁ። እስራቱ ሲጠብቅ ደም ይቆማል፣ ሥጋው ይሞታል፤ የአገራችን ሐኪሞች በዚህ ምክንያት የልጆችን እጅና እግር ለመቁረጥ እንደሚገደዱ ሲናገሩ ዓመታት አልፈዋል። በቀላል ስብራት የገባ ልጅ ያለ እጅ የሚወጣበት አገር መሆን የለብንም።

እንግዲህ ጥያቄዬ ለሦስት ወገን ነው።

ለክፍለ ከተማው ወጣቶችና ስፖርት ጽሕፈት ቤት፦ በአንድ አዳራሽ ጀምሩ። አንድ ፍራሽ፣ ሁለት አሠልጣኝ፣ አንዷ ሴት፣ ክፍት በር። በሰርከስ ያደጉ፣ ሥራ የሚፈልጉ ወጣቶች ከተማው ውስጥ አሉ፤ ጥሯቸው። ሪባን መቁረጥ ከፈለጋችሁም ቁረጡ፣ ብቻ በማግሥቱ በሩን አትቆልፉት።

ለመርካቶ ነጋዴዎች፦ ለዕድርም፣ ለአድባራትም፣ ለመስጊድም፣ ለአገር ጥሪም እጃችሁ እንደማይታጠፍ እናውቃለን። ይህ ከአንድ ሱቅ የአንድ ቀን ሽያጭ ብዙ የሚርቅ አይመስለኝም። ደግሞ የሚያርፉበት የእናንተው ልጆች፣ የእናንተው ተላላኪዎች፣ በራችሁ ላይ ጫማ የሚጠርጉት ልጆች ናቸው።

ለእናትና አባት፦ ልጃችሁ የሚገለበጥ ከሆነ አትምቱት፣ አታጨብጭቡለትም። ግድግዳ ተደግፎ በእጁ ስንት ሰከንድ መቆም እንደሚችል ጠይቁት። 30 ካልደረሰ ወደኋላ የሚወረወርበት ቀን አልደረሰም። ይህን አንድ ጥያቄ መጠየቅ ገንዘብ አያስወጣም፣ የማንንም ፈቃድ አይፈልግም፣ ከዛሬ ማታ ጀምሮ መጠየቅ ይቻላል።

ሐሳባችሁን ከታች ጻፉልኝ። አዳራሽ የምታውቁ ደግሞ አድራሻውን ጻፉ።