ከጉድጓድ ወለል የሚነሣ ድምፅ

በኡጋንዳ ዋና ከተማ በካምፓላ፣ በናካሴሮ ኮረብታ ላይ በሚገኘው በሉሙምባ ጎዳና ዳር፣ በጥቅምት ወር 2001 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2008) ለአንድ ታላቅ ሕንፃ መሠረት የተቆፈረ ጥልቅ ጉድጓድ ግድግዳው ተደርምሶ ከታች በሥራ ላይ የነበሩ ወዛደሮችን ቀብሮ ገድሏል። ሕንፃውን ያሠራ የነበረው የሀገሪቱ ብሔራዊ የማኅበራዊ ዋስትና ፈንድ ነው። ይኸውም ከሠራተኛው ደመወዝ በየወሩ እየተቀነሰ ለእርጅናው የሚጠራቀመውን ገንዘብ የሚያስተዳድር ተቋም ማለት ነው። ሠራተኛው ሲደክም ይጦርበታል በተባለ ገንዘብ በሚሠራ ሕንፃ ሥር፣ ሌላው ሠራተኛ ገና በጉልበቱ ሳለ አፈር ተጫነው።

አደጋው ከደረሰ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ዛሬ ልናነሣው የወደድነው የዚያች ከተማ ሁኔታ ከእኛም ከተሞች ሁኔታ ጋር የሚመሳሰል በመሆኑና እስካሁን በሚገባ ያልተመለሰ ጥያቄ ስላለበት ነው። ከአደጋው አጠገብ የቆመው ሰው ያየውን ለማን ይናገራል? ተናግሮስ በማግሥቱ እንጀራውን ያገኛል ወይ?

ካምፓላ በኮረብቶችና በኮረብቶቹ መካከል በተዘረጉ ረግረጋማ ሸለቆዎች ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። አፈሯ ቀይ ነው። እንዲህ ያለ አፈር በደረቅ ወራት ሲቆፈር እንደ ግንብ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ቆፋሪውን ያታልላል። በዓመት ሁለት ጊዜ ከሚዘንበው ዝናብ ሁለተኛው ከመስከረም እስከ ኅዳር ባሉት ወራት ይወርዳል፤ የጥቅምቱም አደጋ የደረሰው በዚሁ ወቅት ነው። አፈር ውሃ በጠጣ ቁጥር ክብደቱ ይጨምራል፤ እርስ በርሱ የተያያዘበት ኃይል ግን ይላላል። አንድ ሜትር ኩብ አፈር ከአንድ ቶን ተኩል በላይ ሊመዝን ስለሚችል፣ እስከ ደረቱ የተቀበረ ሰው ራሱ ከአፈሩ በላይ ቢሆን እንኳ መተንፈስ ያቅተዋል።

ማንኛውም የቁፋሮ ግድግዳ ከመደርመሱ በፊት ብዙውን ጊዜ ምልክት ይሰጣል። ከጉድጓዱ አፍ ጥቂት ወደ ኋላ ፈንጠር ብሎ ከጠርዙ ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ ቀጭን ስንጥቅ ይታያል። ትናንት ደረቅ ከነበረው ግድግዳ ዛሬ ውሃ ያዣል። ማንም ሳይነካው ጓል ይንከባለላል፤ የተደገፈው እንጨት ይንቋቋል። ይህን ሁሉ በመጀመሪያ የሚያየውና የሚሰማው ማን ነው? መሐንዲሱ ከንድፉ ጋር በቢሮው ነው። ተቆጣጣሪው የሚመጣበት ቀን አለው። ሥራ ተቋራጩ ሌላ ሦስት ቦታ ሥራ አለበት። ከግድግዳው ሥር አካፋውን ይዞ የሚውለው፣ በካምፓላ ፖርተር የሚባለው፣ እኛ የቀን ሠራተኛ የምንለው ሰው ብቻ ነው።

ይህ ሰው የሚያደርገውን ስሌት ልንረዳለት ይገባል። የተቀጠረው ዛሬ ጠዋት ነው፤ ውል የለውም። ከበሩ ውጭ እርሱን ለመተካት የሚጠባበቁ ሰዎች ቆመዋል። «ይህ ግድግዳ ያሠጋኛል» ቢል ካቦው «የፈራ ይውጣ» ሊለው ይችላል። ባይናገር ምናልባት ግድግዳው ዛሬ አይወድቅ ይሆናል። የግድግዳው መውደቅ ምናልባት ሲሆን የሥራው መታጣት ግን እርግጥ ስለሚመስለው ዝም ይላል። ዝምታውን ካለማወቅ ወይም ከቸልተኝነት የሚቆጥሩ ወገኖች ከመሳሳታቸውም በላይ የራሳቸውን ኃላፊነት በእርሱ ትከሻ ላይ ይጥላሉ።

ወታደር ለሆነ ሰው ይህ አሠራር እጅግ እንግዳ ነው። ሌሊት በዘብነት የቆመ ተራ ወታደር ኮሽታ ሰምቶ ጦሩን ቢቀሰቅስና ኮሽታው የጅብ ሆኖ ቢገኝ አስተዋይ አዛዥ አይቀጣውም። ቢቀጣው በሚቀጥለው ሌሊት የሚሰማውን ሁሉ ጅብ ነው እያለ እንዲያልፍ ማስተማሩ መሆኑን ያውቃልና። በግንባታ ሥራ ላይ ግን ዘቡን እያባረርን ስለ ጥበቃው መላላት እናማርራለን።

ሕግ ጠፍቶ ነው እንዳይባል፣ ኡጋንዳ የሥራ ላይ ደኅንነትና ጤንነት ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ለዚህ አስቀድሞ በ2004 በእንቴቤ መንገድ በብዌባጃ በግንባታ ላይ የነበረ ሆቴል ተደርምሶ 11 ሰዎች ሞተው ነበር። በሉሙምባ ጎዳና አፈሩ ሲናድ እንግዲህ ሕጉ የሁለት ዓመት ዕድሜ ነበረው። በ2013ም የሕንፃ ቁጥጥር ሕግ ተጨምሯል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅትም ከዚህ ሁሉ በፊት በ1981 ባጸደቀው 155ኛው ስምምነት፣ ሕይወቱን ለጽኑ አደጋ የሚያጋልጥ ሁኔታ መኖሩን በበቂ ምክንያት አምኖ ከሥራው ፈቀቅ ያለ ሠራተኛ ያለ አግባብ እንዳይጎዳ ደንግጓል። የጎደለው እንግዲህ ድንጋጌው ከመጽሐፉ ወጥቶ ጉድጓዱ ወለል ድረስ የሚወርድበት መሰላል ነው።

ማስጠንቀቂያ ሲሰጥም ሰሚው ማን እንደሆነ ይወስነዋል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2013 በባንግላዴሽ ራና ፕላዛ በተባለው ሕንፃ ላይ ስንጥቅ በታየ ጊዜ፣ በዚያው ሕንፃ ይሠራ የነበረ የባንክ ቅርንጫፍ ሠራተኞቹ እንዳይመለሱ አደረገ። የልብስ ስፌት ሠራተኞቹ ግን በማግሥቱ ወደ ሥራቸው እንዲገቡ ታዘዙ። ከ1,100 በላይ ሰዎች አለቁ። ስንጥቁን ሁሉም አይቶታል፤ «አልገባም» ለማለት የቻለው ግን በወር ደመወዙ ላይ ሌላው እንደልቡ የማያዝዝበት ብቻ ነበር።

አንዳንድ ሥራ ተቋራጮች፣ እያንዳንዱ ሠራተኛ ሥጋት አለኝ ባለ ቁጥር ሥራ ቢቆም ግንባታው መቼ ያልቃል፣ ሰነፉስ ሰበብ አያደርገውም ወይ ይላሉ። ሰበበኛ አይጠፋም፤ ይህን አንክድም። ሆኖም አንድን ስንጥቅ ወርዶ ለማየት ከግማሽ ቀን የበለጠ አይፈጅም። የሉሙምባ ጎዳናው ሕንፃ ከአደጋው በኋላ ለብዙ ዓመታት ሳያልቅ ቆይቷል። መዘግየቱ ሁሉ በናዳው ብቻ የመጣ ነው አንልም፤ ነገር ግን ሰው የቀበረ ሥራ ፈጥኖ አያውቅም።

በሀገራችን መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. በምንጃር ሸንኮራ በአረርቲ ማርያም በግንባታ ላይ በነበረው ቤተ ክርስቲያን ከእንጨት የተሠራው ርብራብ ተደርምሶ ከ30 በላይ ምእመናን አልቀዋል። የሞቱት ለበዓል የመጡ ሰዎች ቢሆኑም፣ እንደዚያ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ በየከተማው ግንበኞችና ቀለም ቀቢዎች በየቀኑ ይወጣሉ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ ለሕይወቱ የሚያሠጋ አደጋ መኖሩን ሠራተኛው አስታውቆ አሠሪው በጊዜው እርምጃ ካልወሰደ፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን ሊለቅ እንደሚችል ይፈቅዳል። መልካም ነው፤ ግን መልቀቅማ ለቀን ሠራተኛው ምን መብት ይሆነዋል? የሚፈልገው ተናግሮ በሥራው ላይ መቆየትን ነው።

ስለዚህ በዚህ ከተማ በሚካሄድ በማንኛውም ትልቅ ግንባታ፣ ሥጋትን ተቀብሎ ሥራ ለማስቆም ሥልጣን ያለው አንድ ሰው በስሙ ተለይቶ በበሩ ላይ እንዲለጠፍ እንጠይቃለን። ይህም ሰው በሚፈጸመው የሥራ መጠን የሚከፈለው ካቦ መሆን የለበትም። የተሰጠው ማስጠንቀቂያ ሁሉ በቀንና በሰዓት በመዝገብ ይግባ፤ የተደረገውም መልስ ከጎኑ ይጻፍ። የተናገረው የቀን ሠራተኛ ያ የሥራ ምዕራፍ እስኪፈጸም ድረስ ያለ በቂ ምክንያት እንዳይሰናበት አሠሪው በፊርማው ይረጋገጥበት። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪውም ሲመጣ ከቢሮው ሻይ በፊት መዝገቡን ይጠይቅ፤ ከዚያም ካቦው በሌለበት ወደ ጉድጓዱ ወርዶ አካፋ የያዙትን ያነጋግር። በብዙ መቶ ሠራተኞች መካከል ለወራት አንዲት ማስጠንቀቂያ ያልሰፈረችበት ባዶ መዝገብ ካገኘ፣ ምርመራውን ከዚያው ይጀምር።